ዲኤክስ ላይ ሱፐርቻርጀር ስትገጥሙ፦ ለደሴ ሳይሆን ለባቲ አስተካክሉ

አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። «ጋሼ፣ ዲኤክሴ ሐረጎን ስትወጣ ነፍሷ ይወጣል። ሱፐርቻርጀር ቢገጠምላት ምን ይላሉ?» ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው ዳገት ነው። ጠያቂው ከደሴም ይሁን ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅም ይሁን ከወልድያ መልሴ አንድ ነው። ይቻላል። ግን በቅደም ተከተል ካልተሠራ ሞተር ያስበላችኋል። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን እልካለሁ።

መመሪያው 4ኬ ሞተር (1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር) ላላት የቶዮታ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። 5ኬ (1486 ሲሲ) ያላችሁም ቁጥሮቹን እየቀየራችሁ ልትከተሉት ትችላላችሁ። ኢንጀክሽን ላለው መኪና አይሆንም። የዚያ አሠራር ሌላ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር አካባቢ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 1.01 ባር ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ሳትታመም፣ ሳታረጅ፣ ቁጭ ባለችበት ሩብ ያህል ጉልበቷን አጥታለች። ሱፐርቻርጀር ማለት በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። ያጣነውን ግፊት ይመልስልናል።

ችግሩ የሚመጣው ስትወርዱ ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ፣ ባቲ 1500 ሜትር ገደማ ናቸው። ወደ ሚሌ ከቀጠላችሁ 500 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። በወረዳችሁ ቁጥር ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ይለወጣሉ። አየሩ ይወፍራል፣ ስለዚህ ሱፐርቻርጀሩ የሚገፋው ይበዛል። ሙቀቱ ይጨምራል። ደሴ ላይ ልክ የነበረው ካርቡራተር ደግሞ ለወፍራሙ አየር ቤንዚን ያንሰዋል። ሦስቱም ሞተሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚገፉት፤ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዲፈነዳ ያደርጋሉ። ይህ ነው ኖክ የሚባለው። ፒስተን የሚሰብረውም እሱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ መኪናዬ ነው። ለሱፐርቻርጀሩ ትንሽ ፑሊ (ቺንጋው የሚያዞረው ክብ፤ ባነሰ ቁጥር ሱፐርቻርጀሩ ይፈጥናል) አስቆርጬ ደሴ ላይ በ0.4 ባር ተጨማሪ ግፊት አስኬድኳት። ከተማ ውስጥ በረረች። አንድ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሰውና ዕቃ ጭኜ ወረድኩ። ስመለስ ከባቲ በላይ ያለው ዳገት ላይ ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር ሲነቀነቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ጀመረ። ቺንጋው መስሎኝ ቀጠልኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድኩም፣ ሰማያዊ ጭስ ተከተለኝ። ሲፈታ ሦስተኛው ፒስተን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተሰብሯል። ካንዴላው ጫፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የቀለጠች አሉሚኒየም ተጣብቃለች። ያቺን ካንዴላ እስከ ዛሬ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ፑሊ ይነስልኝ ለሚለኝ ሁሉ አሳያታለሁ።

ስለዚህ የሥራው ሁሉ ሕግ አንድ ነው። መኪናችሁ የምትደርስበትን ከሁሉ ዝቅ ያለና ከሁሉ የሚሞቅ ቦታ አስቡ። ማስተካከያው ለዚያ ቦታ ይሁን።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች

- ኤኤምአር 500 ሱፐርቻርጀር። በአንድ ዙር 500 ሲሲ አየር ይገፋል፣ ለ1300 ሞተር ልክ ነው። ኤስሲ 12 ቢቀርብላችሁ በዙር 1200 ሲሲ ስለሆነ ለዚህች ሞተር ይበዛል
- የቶዮታ 5ኬ ካርቡራተር ወይም ዌበር 32/36፣ ከተለያየ መጠን ጂግለሮች (ቤንዚኑን የሚለኩ ባለ ቀዳዳ ብሎኖች) ጋር
- ቶርኖ ቤት የሚሠሩ ሦስት ፑሊዎች፦ አንድ ለክራንክ፣ ማለትም ለሞተሩ ዋና ዘንግ (132 ሚሊ ሜትር)፣ ሁለት ለሱፐርቻርጀሩ (88 እና 80 ሚሊ ሜትር)
- ባለ ብዙ መስመር ጠፍጣፋ ቺንጋ እና መወጠሪያ
- ለመያዣ 10 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ፣ ለማገናኛ 10 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ
- የግፊት ማስለቀቂያ ቫልቭ
- ሁለት የአንድ አቅጣጫ ቫልቮች (አንዱ ፍሬኑን ለሚያቀልለው ሰርቮ፣ አንዱ ለሞተሩ መተንፈሻ)
- ግፊትም ቫኪዩምም (የሞተሩን መምጠጥ) የሚያሳይ ጌጅ
- ዋይድባንድ የአየርና ቤንዚን መለኪያ። መግዛት ካልቻላችሁ ተዋሱ፤ ያለሱ አትጀምሩ
- የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) መለኪያ፣ የታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) መብራት
- ከነበረው በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነ ካንዴላ
- አዲስ ጓርኒሲዮኖች (በብረቶች መካከል የሚገቡ ማሸጊያዎች)፣ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን የሚያግድ)
- የእሳት ማጥፊያ

ማስጠንቀቂያ

ቤንዚን ክፍት በሆነበት ቦታ ትሠራላችሁ። ባትሪውን ሳትነቅሉ የቤንዚን ቱቦ አትፍቱ። ማጥፊያው ግድግዳ ላይ ሳይሆን እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሞተሩ እየሠራ እጅ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የልብስ እጅጌ ወደ ቺንጋው አይጠጋ። በር ዘግታችሁ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። ሞተሩ ላይ ለውጥ ስለሆነ ቦሎ ስታድሱ እንዳትቸገሩ አስቀድማችሁ የከተማችሁን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና መድን ሰጪያችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን ለኩ

ሱፐርቻርጀር የታመመ ሞተር አያድንም፣ ይገድለዋል። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ኮምፕሬሽን ለኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ሞተር ደሴ ላይ 9 ባር አካባቢ ቢሰጥ ደህና ነው። «ኮምፕሬሽን ወርዷል» ተብሎ ፋሻ የተቀየረለት ጤነኛ ሞተር አይቻለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ እዚህ ላይ አቁሙ። መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው) አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው። ጓርኒሲዮኑ ያረጀ ከሆነ አሁን ይቀየር፤ የቴስታታው ፊትም ጠፍጣፋ መሆኑ ይለካ። ጨምረን የምንገፋው ግፊት መውጫ ከፈለገ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ቦታ ነው።

ቴርሞስታቱንም ጠይቁ። ብዙ መኪና ላይ «ሙቀት ያበዛል» ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል። በ82 ዲግሪ የሚከፍተውን መልሳችሁ ግጠሙ። ጠዋት በደሴ ብርድ ሞተሩ ቶሎ ካልሞቀ ቤንዚኑ በሱፐርቻርጀሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ወደ ጋዝ አይለወጥም። የራዲያተሩ ክዳንም ቀልድ አይደለም። ደሴ ላይ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የክዳኑ ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ካላችሁ ጣሉት።

ደረጃ 2፦ ፍሬኑን አስቀድሙ

ሱፐርቻርጀር ለመውጣት እንጂ ለመውረድ አይረዳም። ሐረጎን በጭጋግ፣ ከፊት ከባድ መኪና፣ ከኋላ ከባድ መኪና እያለ መውረድ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የፊት ሸራ፣ የኋላ ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና ጎማ አዲስ ወይም እንደ አዲስ ካልሆኑ ለሱፐርቻርጀር ያሰባችሁትን ገንዘብ እዚህ ላይ አውሉት።

ደረጃ 3፦ የፑሊውን መጠን አስሉ

ጠቅላላ ሥራው የሚበላሸውም የሚሳካውም እዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሮቹን ሁሉ ለመሙላት ሁለት ዙር ይፈጅበታል። ስለዚህ 1290 ሲሲ ሞተር በአንድ ዙር የሚውጠው ግማሹን፣ 645 ሲሲ ነው። ሱፐርቻርጀሩ በአንድ የሞተር ዙር ከዚህ በላይ ካቀረበ ትርፉ ግፊት ይሆናል።

የክራንኩን ፑሊ ስፋት ለሱፐርቻርጀሩ ፑሊ ስፋት አካፍሉ። 132 ሲካፈል ለ88 1.5 ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ አንድ ተኩል ይዞራል ማለት ነው። 500 በ1.5 ሲባዛ 750 ሲሲ። ለ645 ስናካፍለው 1.16 ይሆናል፤ ሞተሩ ከሚውጠው 16 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። በ80ው ፑሊ ደግሞ 132 ሲካፈል ለ80 1.65 ነው። 825 ሲሲ ለ645 ሲካፈል 1.28 አካባቢ ይመጣል።

ጌጁ ላይ የምታዩት ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። ሱፐርቻርጀሩ ውስጥ ጥቂት አየር ወደ ኋላ ያመልጣል፣ ያ ይቀንሰዋል። አየሩ ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ስሌቱ መነሻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ጌጁ ነው።

ካርቡራተር ላላት፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ነገር ለሌላት፣ የኮምፕሬሽን ሬሾዋ ወደ 9 ለ 1 ለሆነች 4ኬ እኔ የማልፈው ጣሪያ ቆላ ላይ 0.35 ባር ነው። ሱፐርቻርጀሩ የገባውን አየር በአንድ ልክ ስለሚያባዛ ያው ጣሪያ በየከፍታው ሌላ ቁጥር ሆኖ ይታያል፦

- ሚሌ አካባቢ፦ 0.35 ባር
- ባቲ፦ 0.31 ባር
- ኮምቦልቻ፦ 0.30 ባር
- ደሴ፦ 0.28 ባር

ደሴ ላይ 0.28 አንብባችሁ «ትንሽ ነው» አትበሉ። 0.75 ላይ 0.28 ሲጨመር 1.03 ባር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመች መኪና የምታገኘው ግፊት ነው። አየሩ ስለሞቀ ጉልበቱ ሁሉ አይመለስም፤ ግን ሐረጎ ላይ ልዩነቱን እግራችሁ ያውቀዋል።

መጀመሪያ 88ቱን ፑሊ ግጠሙ። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ወደ 80ው እለፉ። ከ80 በታች አትውረዱ።

ደረጃ 4፦ ያገለገለውን ሱፐርቻርጀር ፈትሹ

አብዛኛው የምናገኘው ያገለገለ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ አዙሩት። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይፋጭ፣ እኩል መዞር አለበት። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። በአየር መግቢያው በኩል በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። የሚዞሩት ክንፎች ላይ ጭረት ካለ ወይም ውስጡ በዘይት ከራሰ ተዉት።

የጥርሶቹ ክፍል የራሱ ዘይት አለው፤ ከሞተሩ ዘይት ጋር አይገናኝም። አሮጌውን አፍስሱና አምራቹ በሚያዘው ዓይነትና ልክ ሙሉት። ከልክ በላይ ከሞላ ትርፉ በማሸጊያው በኩል ወደ ክንፎቹ ይወጣል፣ መኪናዋም ታጨሳለች።

ደረጃ 5፦ መያዣውንና ቺንጋውን ሥሩ

መጀመሪያ በካርቶን ሞዴል ቁረጡ። ኮፈኑ መዘጋቱን፣ ራዲያተሩና ፋኑ አለመነካታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ወደ ብረት እለፉ። መያዣው ቢያንስ በሦስት ብሎን ከብሎኩ ጋር ይታሰር። በቴስታታው ብሎኖች ብቻ ላይ አታንጠልጥሉት።

በ4ኬ ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማስወጫው በአንድ ወገን ናቸው። ስለዚህ በሱፐርቻርጀሩና በጭስ ማስወጫው መካከል የላሜራ ጋሻ አድርጉ። በሱፐርቻርጀሩና በጋሻው መሐል የጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ሙቀቱን የሚያርቀው ብረቱ ብቻ ሳይሆን መሐል ያለው አየርም ነው።

የቺንጋው ጉዳይ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ቀጥ ያለ ብረት ፊታቸው ላይ አስደግፉና ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ በሻይባ አስተካክሉ። የመጀመሪያውን ፑሊ የቆረጡልኝ አዛውንት የቶርኖ ባለሙያ «ልጄ፣ ቺንጋ ዓይን የለውም፤ መንገዱን የምታሳየው አንተ ነህ» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ከመስመር የወጣ ፑሊ ቺንጋውን በአንድ ቀን ይበላዋል።

ቺንጋው የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ ቢያንስ ግማሽ ዙሪያውን ማቀፍ አለበት። ካነሰ ይንሸራተታል። መወጠሪያውን በላላው ወገን፣ ማለትም ክራንኩ ቺንጋውን በሚለቅበት በኩል አድርጉ። ሱፐርቻርጀሩ ላይ የመዞሪያ ቀስት ካለ ከሞተሩ አዟዟር ጋር አመሳክሩ። ወደ ኋላ ከዞረ አየር ከማስገባት ይልቅ ያስወጣል።

ደረጃ 6፦ ካርቡራተሩን ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ግጠሙ

ካርቡራተሩ ከፊት፣ ሱፐርቻርጀሩ ከኋላው፣ ከዚያ ማኒፎልዱ። ይህን አደራደር የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ካርቡራተሩ ግፊት ስለማይደርስበት የፋብሪካው ቤንዚን ፓምፕ ይበቃዋል። ቤንዚኑ በሱፐርቻርጀሩ ውስጥ ሲያልፍ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ አየሩን ያቀዘቅዛል።

በሱፐርቻርጀሩና በማኒፎልዱ መካከል የግፊት ማስለቀቂያ ቫልቭ የግድ ነው። እዚያ ቦታ የሚቆመው አየር ብቻ አይደለም፣ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ቢተኩስ መውጫ ከሌለው ሱፐርቻርጀሩን ይሰነጥቀዋል። የቫልቩ አፍ ወደ ጭስ ማስወጫው ወይም ወደ ቦቢናው (የካንዴላውን እሳት ወደሚያመነጨው) እንዳይዞር።

ለቤንዚን መስጫው ሁለት መመለሻ ስፕሪንግ አድርጉ። አንዱ ቢበጠስ አንዱ ይዘጋዋል። ይህች የጥቂት ብር ስፕሪንግ ሕይወት ናት።

የፓምፑን አቅም ለመፈተሽ ባትሪውን ነቅላችሁ ካርቡራተሩ ጋ ያለውን ቱቦ ፍቱና ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፤ ከዚያ ባትሪውን መልሳችሁ ሞተሩን አስነሱ። ሞተሩ በካርቡራተሩ ሳህን ውስጥ በቀረው ቤንዚን ይሠራል። በ30 ሴኮንድ ሩብ ሊትር ከሰጠ በቂ ነው። አንድ ሰው ማጥፊያ ይዞ ከጎናችሁ ይቁም።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን የተረሱ ቱቦዎች አስቡ

ከማኒፎልዱ የሚነሱ ሁለት ቱቦዎች ድሮ ቫኪዩም ብቻ ነበር የሚያዩት። አሁን ግፊት ይደርስባቸዋል።

አንደኛው የሞተሩ መተንፈሻ ነው። የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ካልተደረገለት ግፊቱ ወደ ዘይት ቋቱ ይገባል። ከዚያ ዘይት በየማሸጊያው ይተፋል። «ሱፐርቻርጀር ካስገባሁ ጀምሮ ዘይት ታንጠባጥባለች» የሚሉኝ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ሁለተኛው የፍሬን ሰርቮው ቱቦ ነው። የቀድሞው ቫልቭ ካረጀ ይለቃል፣ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆንባችኋል። በአፋችሁ ንፉበት። በአንድ በኩል ብቻ ማለፍ አለበት።

ደረጃ 8፦ ታይሚንጉን ወደ ኋላ መልሱ

ደጋ ላይ ለጉልበት ተብሎ ታይሚንግ ወደፊት ይገፋል። የእናንተም ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ፋብሪካው ወዳዘዘው መልሱት። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ ድፈኑ። በደቂቃ በ3000 ዙር በመብራቱ አንብቡና ካገኛችሁት 6 ዲግሪ ቀንሱ። ግፊት ያለበት ድብልቅ ቶሎ ይነዳል፤ ቀድሞ ከተለኮሰ ፒስተኑ ገና ሲወጣ ያገኘዋል።

ካንዴላውን በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ አድርጉ። በኤንጂኬም ሆነ በዴንሶ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጥብቡ። ድብልቁ ሲታመቅ እሳቱ ሰፊ ክፍተት መዝለል ያቅተዋል። የተኩስ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው፤ ገመዶቹን ስትመልሱ አትርሱ።

ደረጃ 9፦ ቤንዚኑን አብዝታችሁ ጀምሩ

ከሚያስፈልገው ተለቅ ባለ ጂግለር ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከታች ወደ ላይ አይሞከርም። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ይሰንፋል። ያነሰው ሞተር ግን ምንም ሳይናገር ይቀልጣል። ሙሉ ስትረግጡ ዋይድባንዱ ከ11.5 እስከ 12 ማሳየት አለበት (ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ስንት ኪሎ አየር እንደገባ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቤንዚኑ አንሷል)። ከ12.5 ካለፈ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ ጥንቃቄውን በድብልቁና በታይሚንጉ ነው የምንገዛው።

ደረጃ 10፦ መንገድ ላይ ፈትኑ

1. ደሴ ላይ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ግማሽ እየረገጣችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱ። አቁሙና ቺንጋውን፣ ዘይቱን፣ ውኃውን እዩ።
2. ሐረጎን በዝግታ ውረዱ። ጠመዝማዛው ላይ ፈተና የለም። ጭጋጉና የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች አሉ።
3. ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ ቀጥ ያለ፣ ሰውና ከብት የሌለበት ቦታ ፈልጉ። በሦስተኛ ማርሽ ከ2000 እስከ 4000 ዙር ሙሉ እርገጡ። ጌጆቹን የሚያነበው ሾፌሩ ሳይሆን ከጎን ያለው ሰው ይሁን።
4. መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ አጥፉ። የጠጠር ድምፅ ከሰማችሁ እግር አንሱ፣ ታይሚንጉን 2 ዲግሪ ቀንሱ፣ እንደገና ሞክሩ።
5. ባቲ ድረስ ውረዱ። ቀትር ላይ ያንኑ ፈተና ድገሙ። የመጨረሻው ጂግለርና ታይሚንግ የሚወሰነው እዚህ ነው።
6. ሙሉ ከረገጣችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዳር ያዙ። ሲቀዘቅዝ ካንዴላ ፍቱ። ነጩ ሸክላ ፈካ ያለ ቡና ከመሰለ ጥሩ ነው። ነጣ ብሎ ጥቃቅን የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየበት ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። በዝግታ ወደ ቤት።

ባቲ ላይ ያስተካከላችኋት መኪና ደሴ ስትመለስ ትንሽ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ጠዋት ላይም ጥቂት ታጨሳለች። ተዉት። ጂግለሩን ለደሴ ካሳነሳችሁት በሚቀጥለው ሰኞ ባቲ ስትወርዱ እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቺንጋው ሲጮህ አጥብቆ መወጠር። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን ማስተካከል ወይም የሚታቀፈውን ዙሪያ መጨመር ነው። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የሱፐርቻርጀሩንም የክራንኩንም ኩሽኔታ ይጨርሳል።

የአየር ፊልትሮ ሳያደርጉ መንዳት፣ «ድምፁ ያምራል» ብሎ። የፒስታ አቧራ ክንፎቹን በወራት ውስጥ ይፍቃቸዋል።

ማገናኛዎቹ ላይ ሲሊኮን ብቻ መቀባት። ቤንዚን ተራ ሲሊኮንን ያለሰልሰዋል፣ ቁራጩ ተነቅሎ ክንፎቹ መሐል ይገባል። ልኩን የጠበቀ ጓርኒሲዮን ቁረጡ።

ሞተሩን ከ5500 ዙር በላይ ማዞር። ይህ ሞተር ጉልበቱን ከታች ነው የሚሰጠው፤ ሱፐርቻርጀሩም ከታች ነው የሚረዳው። ማርሽ ቀይሩ።

ደረጃ 11፦ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ

የቴስታታ ብሎኖቹን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በፋብሪካው ቅደም ተከተልና ልክ ዳግም አጥብቁ። የመያዣውን ብሎኖች አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁልጊዜ አንዱ ላልቶ ታገኙታላችሁ። የሞተር ዘይት በ3000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ። ኮምፕሬሽኑን ድገሙና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ላይ የጂግለሩን ቁጥር፣ ታይሚንጉን፣ የፑሊውን ስፋት፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ ያነበባችሁትን ግፊት ጻፉ። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከኮፈኑ ሥር ለጥፉት። ነገ እናንተ በሌላችሁበት መኪናዋን የሚከፍት መካኒክ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።